ከባድ ብረቶችን ከውሃ ለመቀነስ የጤፍ ጭድ አጠቃቀም

እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም በውሃ ውስጥ ሲሟሙ በቀለም፣ በጠረንም ሆነ በጣዕም ላይለዩ ይችላሉ። ውሃን ማፍላት ጀርሞችን ቢገድልም ብረቶችን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀሪው ውስጥ ያላቸው ክምችት ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ለሚገኝ እርሳስ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው።

ብረቶችን ከሚይዙ ርካሽ የዕፅዋት ተረፈ ምርቶች አንዱ የጤፍ ጭድ ነው። መቀመጫውን አረርቲ ያደረገው የሚንጃር ሸንኮራ ወረዳ በጤፍ ምርቱ የሚታወቅ በመሆኑ ጭዱ በአካባቢው በብዛት ይገኛል። ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ የተዘጋጀ ጭድ የተሟሟ ብረትን በገጹ ላይ ይዞ ያስቀራል፤ ክሮሚየምን ከፍሳሽ ውሃ ለመቀነስም በቤተ ሙከራ ተጠንቷል።

ሆኖም ውጤቱ በውሃው አሲዳማነት፣ በጭዱ መጠንና በቆይታው ጊዜ ይወሰናል፤ ጭዱ የሚችለውን ያህል ከያዘ በኋላም ማጣራቱን ያቆማል። ስለሆነም በዚህ መንገድ በቤት ውስጥ የተጣራ ውሃ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ ለመጠጥ ሊውል አይገባም። አገልግሎት የሰጠ ጭድ ብረቱን የተሸከመ በመሆኑ ለከብት መኖ መስጠት፣ በማሳ ላይ መበተን ወይም ማቃጠል አይፈቀድም።

የሚጠቀምበትን የውሃ ምንጭ ንጽሕና የሚጠራጠር ነዋሪ ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት በማመልከት የጥራት ምርመራ እንዲደረግ መጠየቅ ይኖርበታል።