በገደል የታጠረ አገር
ስለ ሳይንትና ስለ ቦረና ምድር፥ ሕዝብና አገዛዝ

ደሴት የሚባለው ዙሪያውን ውኃ የከበበው ምድር ነው። ነገር ግን ሰውን ከሰው የሚለየው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ገደልም እንደ ባሕር ይለያል።

በታላቁ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ፒትኬርን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ስፋቷ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የሚኖርባትም ሰው 50 ያህል ነው። በ1782 ዓ.ም. ባውንቲ በሚባል የእንግሊዝ መርከብ በአለቃቸው ላይ የሸፈቱ መርከበኞች ከታሂቲ ሰዎች ጋር ሆነው በዚያች ደሴት ተሸሸጉ። የመረጧትም ማንም አይደርስብንም ብለው ነው። ዛሬም የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ መርከብም የሚደርስባት አልፎ አልፎ ነው። ደሴቲቱን ለእንግሊዝ መንግሥት የሚያስተዳድረው አገረ ገዥ የሚቀመጠው በኒው ዚላንድ ሲሆን፥ በመካከሉ ያለው ባሕር ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ይህን የሚሰማ ሰው እንዲህ ያለ የተለየ አገር በሩቅ ባሕር ካልሆነ በቀር የማይገኝ ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን በደቡብ ወሎ ምዕራብ፥ በአባይና በበሽሎ መካከል፥ ከባሕር ይልቅ በጥልቅ ሸለቆ የታጠረ ሰፊ ደጋ አለ። ይህም የአማራ ሳይንትና የቦረና አገር ነው። ከፒትኬርን የሚለየው ታላቅ ነገር ግን አንድ ነው፤ ፒትኬርን ከመጀመሪያው ዠምሮ የዓለም ዳር ነበረች፤ ይህ አገር ግን አስቀድሞ የመንግሥት መካከል ሆኖ ሳለ ኋላ ዳር ሆነ። ገደሉ ያው ነው፤ ወንዙም ያው ነው፤ የተለወጠው ዙፋኑ የተቀመጠበት ስፍራ ነው።

ስለ ምድሩ አቀማመጥ

ከዚህ አገር በስተ ምዕራብ አባይ ይፈሳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በስተ ሰሜን በሽሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከአባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሄደ እንደ ሆነ ለጋምቦ ይገኛል፤ በዚያም በኩል ከፍታው ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው አምባ ፈሪት የተባለው ተራራ ይታያል። በደቡብ በኩል ወግዲና ከለላ አሉ። የአማራ ሳይንት ወረዳ ከተማ አጅባር ነው፤ የቦረና ከተማ ደግሞ መካነ ሰላም ነው፤ መካነ ሰላምም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል።

ከደጋው ጫፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የጎጃምን ምድር በዓይኑ ያያል። ከዚያ ለመድረስ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ወርዶ፥ የቆላውን ሐሩር ታግሦ፥ አባይን ተሻግሮ፥ እንደ ገና ያንኑ ያህል ሽቅብ መውጣት ይገባዋል። ጥዋት ብርዱን በጋቢ የተከላከለ መንገደኛ ቀትር ሲሆን ከሸለቆው ወርዶ በላብ ይጠመቃል። ክረምት በገባ ጊዜ ደግሞ ወንዙ ስለሚሞላ መሻገሪያው ይዘጋል። ያን ጊዜ ዘመድ ከዘመድ፥ ገበያም ከገበያ ተለያይቶ ይከርማል። በበጋም ቢሆን ድልድይ በሌለበት መሻገሪያ ሰው በዋና ወይም ነፋስ የተሞላ ስልቻ ታቅፎ ይሻገር ነበር።

የዚህ ሸለቆ አስቸጋሪነት ምን ያህል እንደ ነበረ ከአንድ ነገር ይታወቃል። ከ1918 ዓ.ም. ዠምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ሻለቃ ቺስማን የአባይን አካሄድ እየተዘዋወረ ሲመረምር፥ በዚያ ዘመን በነበረው ካርታ ላይ የወንዙ መንገድ በብዙ ስፍራ በግምት በነጠብጣብ የተሳለ ነበር። ዓለም ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ወንዝ፥ በመካከሉ ግን እንዳልታወቀ ኖረ ማለት ነው።

በደጋው ላይ ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ ይዘራል፤ በወይና ደጋው ጤፍ፥ በቆላው ማሽላ ይበቅላል። በሳይንትና በቦረና መካከል ደንቆሮ የሚባል ደን አለ፤ አሁን የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ይጠበቃል። በውስጡ ኮሶና አስታ፥ ከፍ ካለውም ስፍራ ጅብራ ይገኛል፤ በኢትዮጵያ ምድር ካልሆነ በቀር በሌላ ዓለም የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ሌላው የወሎ ደጋ በእርሻና በማገዶ ምክንያት ዛፉን ባጣበት ዘመን ይህ ደን መትረፉ የሚያስመሰግን ነገር ነው።

ስለ ጥንቱ ክብር

በመካከለኛው ዘመን ከበሽሎ ወደ ደቡብ ያለው ይህ ደጋ ከአጠገቡ ካለው አገር ጋር አማራ ወይም ቤተ አማራ ይባል ነበር። በ1262 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ይኵኖ አምላክ የተነሣው ከዚሁ አገር ነው። የአገሩም ቋንቋ የነገሥታት ቋንቋ ስለ ሆነ ልሳነ ንጉሥ ተባለ፤ አማርኛ የሚለውም ስም ከአገሩ ስም የወጣ ነው። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ስሙን ያገኘው አሁን ሩቅ ከሚባለው ከዚህ ምድር ነው።

ነገሥታቱ በቤተ አማራ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን ሠሩ። ዐፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን አሠራ። መካነ ሥላሴንም ዐፄ ናዖድ ዠምሮት ልጁ ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸመው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቈየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ይህን አገር አይቶ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ጽፏል። በ1524 ዓ.ም. ግን የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ቤተ አማራ በገባ ጊዜ መካነ ሥላሴም አትሮንሰ ማርያምም ተቃጠሉ። የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ራሱ የመካነ ሥላሴን ወርቅና ጌጥ እያደነቀ የመቃጠሏን ነገር ጽፎ አስቀርቷል። እንዲህም ስለ ሆነ የዚያን ሕንፃ ውበት የምናውቀው አንደኛ ከእንግዳው ቄስ፥ ሁለተኛም ካቃጠሉት ሰዎች ወገን ነው።

በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም ግን እስከ ዛሬ አለች። በአገሩ ትውፊት ከአክሱም፥ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር ከክርስትና በፊት በሕገ ኦሪት መሥዋዕት ከተሠዋባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት ይባላል። የዐፄ ገላውዴዎስም ስም ከእርሷ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ስለ ሕዝቡ

ከዚያ ጦርነት በኋላ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የኦሮሞ ነገዶች ወደዚህ ደጋ መጥተው ሰፈሩ። በ1580ዎቹ ዓመታት የጻፈው አባ ባሕርይ የኦሮሞን ሕዝብ ቦረንና በረይቱማ ብሎ በሁለት ይከፍለዋል፤ ቦረና የሚለው የአገሩ ስም ይህን ያሳስባል። ወሎ የሚለውም አስቀድሞ የነገድ ስም ነበረ፤ ኋላ የጠቅላይ ግዛት ስም ሆነ። ለገ ማለት በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ስለ ሆነ ለጋምቦና ለገሂዳ፥ ወረ ማለትም ወገን ወይም ቤተ ሰብ ማለት ስለ ሆነ ወረ ኢሉና ወረ ሂመኖ ከዚያ ዘመን የቀሩ ስሞች ናቸው። ዛሬ በነዚህ ስሞች በሚጠራ አገር የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ነው። አንዱ ስሙን ለአገሩ ሰጠ፤ ሌላው ቋንቋውን ለሰዉ ሰጠ፤ ሁለቱም በጋብቻ ተቀላቅለው አንድ ሕዝብ ሆኑ።

በሃይማኖትም እንዲሁ ነው። ሳይንት በአብዛኛው ክርስቲያን ሆኖ ጸና፤ በዙሪያው ያለው ብዙው የወሎ አገር ደግሞ እስልምናን ተቀበለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ባዘዙ ጊዜ ከሕዝቡ ብዙ መከራ የተቀበለ አለ፤ ከፊሉ ተሰደደ፥ ከፊሉም ሸፈተ። ሕዝቡ ግን ያን ጊዜ አሳልፎ አብሮ መኖርን መረጠ። በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም መገኘት፥ በሠርግና በለቅሶም ለየብቻ ሁለት ሞሰብ ማቅረብ፥ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ አገዛዙ

በጥንቱ ዘመን የአማራ አገር ገዥ ጸሐፈ ላም ይባል ነበር። ንጉሡም በድንኳን ከተማው ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘዋወር ስለ ነበረ አገሩ ከመንግሥት አልራቀም። ኋላ ግን ነገሥታቱ ወደ ጣና አካባቢ ሄዱ፤ ዐፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈረ። ያን ጊዜ በሽሎና አባይ በንጉሡና በጥንት አገሩ መካከል ገቡ። አስቀድሞ ገደሉ ለመንግሥቱ ቅጥር ነበረ፤ አሁን ግን አገሩን ከመንግሥቱ የሚለይ አጥር ሆነ።

ሸለቆው ኀይለኛውን ንጉሥ እንኳ ምን ያህል እንዳደከመ ዐፄ ቴዎድሮስ ይመሰክራል። ከ1860 ዓ.ም. መባቻ አንሥቶ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ፥ ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 70 ኩንታል የሚከብድ መድፍ ለማሻገር በጅዳና በበሽሎ ገደል መንገድ እየጠረገ፥ ራሱም ድንጋይ እያነሣ፥ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው፤ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን በዚያው አምባ ላይ ሞተ።

በወሎ ብዙ ዘመን የገዙት ማመዶች የሚባሉት የወረ ሂመኖ ባላባቶች ነበሩ። ከእነርሱ የተወለደው መሐመድ አሊ በቦሩ ሜዳ ጊዜ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ጫነ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ተማረከ። እርሱ ደሴን ከተማው ስላደረገ የሳይንትና የቦረና ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ መለሰ። ኋላም ቦረና በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ መካነ ሰላምን ከተማው ያደረገ አውራጃ ሆነ፤ ጠቅላይ ግዛትና አውራጃ ከቀሩ ወዲህ አገሩ በወረዳዎች ተከፍሎ በደቡብ ወሎ ዞን ይተዳደራል።

ይሁን እንጂ ለገበሬው ብዙ ዘመን መንግሥት ማለት ግብር የሚሰበስበው ጭቃ ሹም ነበረ። ንጉሡ ሩቅ ስለ ሆነ ሕዝቡ ራሱን በራሱ የሚያስታርቅበትን ሥርዓት አጸና፤ በወሎ አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች ነፍስ የጠፋበትን ጠብ አስታርቀው ደም ያደርቃሉ። ይህ ነገር ከፒትኬርን ጋር ይመሳሰላል። የዚያች ደሴት ሰዎች ቍጥራቸው መቶ ያህል ብቻ ሳለ በ1831 ዓ.ም. አለቃቸውን በምርጫ የሚሾሙበትን ሕግ አወጡ፤ ሴቶችም ከወንዶች እኩል እንዲመርጡ አደረጉ፤ ይህንም ያደረጉት ታላላቆቹ መንግሥታት ገና ባላሰቡት ጊዜ ነው። ሩቅ የተባለ ሕዝብ ሁሉ ኋላ ቀር አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ረዳት ስላጣ ጥበብን ከራሱ ያወጣል።

ነገር ግን የራስ ጥበብ ሁሉን አይችልም። ምጥ የያዛት ሴት ከቆላ ቀበሌ በቃሬዛ ወደ ደጋ ስትወጣ ሽማግሌ መንገዱን አያሳጥርላትም፤ የገበሬው እህልም ዋጋ ካለበት ገበያ የሚደርሰው መንገድ ሲኖር ነው። አሁን ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም የሚደርስ የመኪና መንገድ አለ፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም አንዱ ግቢ በመካነ ሰላም ነው። የአገሩ ልጅ ለትምህርት ገደል ተሻግሮ ይሄድበት የነበረው ዘመን ተለውጦ፥ የሌላ አገር ልጅ ለትምህርት ወደ ቦረና መምጣት ዠምሯል።

እንግዲህ አንድን አገር ሩቅ ወይም ቅርብ የሚያሰኘው የገደሉ ጥልቀት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ታሪክ ይታያል። ሳይንት የይኵኖ አምላክ አገር ሳለ በሽሎ አሁን ያለውን ያህል ጥልቅ ነበረ፤ የራቀው የሚገዛው ሰው ከእርሱ ስለ ራቀ ነው። የራቀውን አገር ማቅረብም እንዲሁ የሰው ሥራ ነው። መንገዱ ሲሠራ ደንቆሮን የመሰለው ደን እንዳይመነጠር፥ ገበያው ሲሰፋም የሽማግሌው እርቅ እንዳይናቅ መጠንቀቅ ይገባል፤ ገደሉ ሲዘጋ ብዙ ነገር ከልክሎ ነበርና፥ ሲከፈት ደግሞ ጠብቆ ያቈየውን እንዳያስወስድ ነው።