በሩ ሲዘጋ ያልቆመ ዝማሬ

በየአጥቢያችን አቧራ የለበሱ የመዘምራን ካሴቶች አሉ። ብዙዎቻችን እንደ ትዝታ ብቻ እናያቸዋለን። እናንተ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሰነድ እንድትሰሟቸው አደራ እላለሁ።

በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን ከፈተ። ወንጌልና ዝማሬ በአጭር ሞገድ ወደ ብዙ አገር ደረሰ። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰ፤ ስሙንም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አለው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፤ በዚያው ተገደሉ። በየስፍራው አጥቢያዎች ተዘጉ፤ ምእመናን በየቤቱ ተሰበሰቡ።

በዚያ ዘመን ካሴት የጣቢያ ፈቃድ አልጠየቀም። ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው እየተቀዳ፣ ከእጅ ወደ እጅ ያልፍ ነበር። መጋቢው ሊደርስ በማይችልበት ቤት የመዘምራኑ ድምፅ ገባ። ስለ እምነትና ስለ ሰላም የተዘመረውን ሕዝቡ የሰማው ሰላም በሌለበት ነው።

ታዲያ ያ ምን ዓይነት ሰላም ነበር? ቆላስይስ 3ን ክፈቱ። ቁጥር 15 በልብ ስለሚገዛ የክርስቶስ ሰላም ይናገራል፤ ቁጥር 16 ወዲያው ወደ ዝማሬ ይሻገራል። ጸሐፊው እስረኛ ነበር። ያ ሰላም የተሰጠው ደግሞ ለአንድ አካል ነው፤ ስለዚህ ወንድምን ትቶ ለብቻ የሚዘመር አይደለም። ኤርምያስ 6፥14 ቁስሉን ሳያክሙ ሰላም ነው የሚሉትን ይወቅሳል፤ ወቀሳው መዘምራንንም ይመለከታል።

ጫግኒ ለምታገለግሉ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ግጭት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በከተማችሁ ራንች በተባለው መጠለያ ሰፍረው ነበር። ቤቱ በተቃጠለበት ሰው ፊት ስለ ሰላም የሚዘምር ቡድን አስቀድሞ አብሮ ማልቀስ፣ እንጀራም መቁረስ አለበት። ያን ጊዜ መዝሙሩ ይታመናል።

እንግዲህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ካሴቶቹ ሳይበላሹ አስገልብጧቸው፤ ማን እንደ ደረሰው፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደ ተዘመረ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ። ዛሬ በስልክ የምትቀዱትንም እንዲሁ መዝግቡ። ያለዚያ ልጆቻችን ስለ ሰላም የዘመርነው ሰላም ስለ ነበረን ብቻ ይመስላቸዋል።