ከቤት እስከ ኮክፒት፦ ሕግ ያልቆጠረው መንገድ

በዚህ ገጽ ዘወትር የምንወያየው ስለ መንግሥትና ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ ነው። ዛሬ የማነሣው ርእሰ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ከዚህ ሁሉ የራቀ ይመስላል፤ የአውሮፕላን አብራሪዎች የሥራ ሰዓት፣ ከቤታቸው እስከ ምድብ ጣቢያቸው የሚያደርጉት ምልልስና ኑሯቸው። ይሁን እንጂ ሕግ የትኛውን የሰው ድካም ይቆጥራል፣ የትኛውንስ እንዳላየ ያልፋል የሚለው ጥያቄ የፖለቲካ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ታሪኩን የምተርከው ከአሜሪካ ነው፤ ምክንያቱም ክርክሩ በዚያ ሀገር ከዘጠና ዓመታት በላይ በአደባባይ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ብዙዎቻችንም በዚያው ሀገር እየኖርን በእነዚሁ አውሮፕላኖች እንሳፈራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰማንያ አምስት ሰዓት

በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ ሥራ ፈላጊው በሞላበት ጊዜ፣ የአየር መንገድ ባለቤቶች የአብራሪዎችን ደመወዝ መቀነስና የበረራ ሰዓታቸውን መጨመር ቀላል ሆኖ አገኙት። «አልበርም» የሚል ቢኖር፣ «እበራለሁ» የሚል ከበር ቆሞ ይጠብቃል። በ1931 ዴቪድ ቤንኪ የተባለ አብራሪ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በቺካጎ የአየር መንገድ አብራሪዎች ማኅበርን መሠረተ። የመጀመሪያዎቹ አባላት ከሥራ እንዳይባረሩ በመስጋት ስማቸውን በምስጢር ፊደላት ይደብቁ ነበር። በተከታዩ ዓመት ሴንቸሪ የተባለው አየር መንገድ ባለቤት ኢ. ኤል. ኮርድ ደመወዝ ሲቀንስ፣ አብራሪዎቹ አንገዛም ብለው ከሥራ ውጪ ሆኑ። ኋላ የኒው ዮርክ ከንቲባ የሆነው የምክር ቤት አባል ፊዮሬሎ ላጋርዲያም በምክር ቤቱ ተሟገተላቸው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የጥቂቶቹ ኅብረት ፍሬ አፈራ። በ1934 ብሔራዊው የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ በውሳኔ ቁጥር 83 አንድ አብራሪ በወር ከ85 ሰዓት በላይ እንዳይበር ወሰነ፤ የክፍያውንም ቀመር ደነገገ። በ1938 የወጣው የሲቪል አየር በረራ ሕግ ደግሞ ይህን ውሳኔ ማክበር ለአየር መንገዶች ግዴታ አደረገው። በኋላ የወጡ የፌዴራል ደንቦች የሀገር ውስጥ በረራን በሰባት ቀን 30፣ በወር 100፣ በዓመት 1,000 ሰዓት ወሰኑት።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው እዚህ ላይ ነው። ይህ ታላቅ ድል ነበር፤ ነገር ግን የተቆጠረው አውሮፕላኑ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ብቻ ነው። አብራሪው ከቤቱ ተነሥቶ አውሮፕላኑ ዘንድ እስኪደርስ ያለው መንገድ በማንም መዝገብ አልገባም። ጉድለቱ በኋለኛው ዘመን እየገዘፈ ሊሄድ ነው።

ከ1978 ወዲህ

በጥቅምት 1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የአየር መንገዶችን ገበያ ነጻ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። ከዚያ በፊት የትኛው አየር መንገድ በየት መስመር በስንት ዋጋ እንደሚበር የሚወስነው የመንግሥት ቦርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ውድድሩ ወሰነ። ቲኬት ረከሰ፤ ከዚህ በፊት አውሮፕላን በሩቁ ብቻ ያየ ብዙ ሰው ተሳፋሪ ሆነ። ይህን በጎ ጎን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የርካሹ ቲኬት ዋጋ ግን የሆነ ሰው ትከሻ ላይ ማረፉ አልቀረም። ኩባንያዎች ከሰሩ፣ ተዋሐዱ፣ የምድብ ጣቢያዎችን ዘጉ፣ በሌላ ከተማ ከፈቱ። ትልልቆቹ አየር መንገዶች አጫጭሮቹን በረራዎች በእነርሱ ስምና ቀለም ለሚበሩ፣ ክፍያቸው ግን እጅግ ዝቅ ላለ ትንንሽ ክልላዊ ኩባንያዎች በኮንትራት ሰጡ። ተሳፋሪው የታላቁን ኩባንያ ስም አይቶ ይገባል፤ መሪውን የያዘው ግን የሌላ ኩባንያ ቅጥረኛ ነው።

እዚህ ላይ አብራሪው ለምን ከምድብ ጣቢያው ርቆ ይኖራል የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በሙያው ውስጥ ባለው የቅጥር ዘመን ቅድሚያ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። የወሩ የበረራ መርሐ ግብር ሲወጣ መጀመሪያ የሚመርጠው ቀድሞ የተቀጠረው ነው፤ ጣቢያም፣ የዕረፍት ቀንም፣ የአውሮፕላን ዓይነትም በዚሁ ተራ ይታደላል። ከግርጌ ያለው የተረፈውን ይወስዳል፤ ወይም ተጠባባቂ ሆኖ ስልክ ሲደወል በአጭር ጊዜ ውስጥ ለመድረስ ተዘጋጅቶ ይውላል። ኩባንያ ቢቀይር ደግሞ ሃያ ዓመት የበረረ እንኳ ቢሆን በአዲሱ ቤት ከመጨረሻው ደረጃ ይጀምራል። ስለዚህ ጣቢያው በተዘጋ ቁጥር ቤቱን ሸጦ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥቶ፣ የትዳር ጓደኛውን ከሥራ አፈናቅሎ መከተል አይችልም። ነገ ሌላ ጣቢያ ሊዘጋ ይችላልና። የሚቀርለት ምልልስ ነው፤ ባዶ ወንበር ከተገኘ በተሳፋሪነት፣ ካልተገኘም በኮክፒት ውስጥ ባለችው ትርፍ መቀመጫ ተጉዞ ሥራው ወዳለበት ከተማ መድረስ። እዚያም ከባልደረቦቹ ጋር በጋራ በተከራየው ክፍል፣ በተደራራቢ አልጋ ያድራል። ኪራዩን መክፈል ያልቻለ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ሶፋ ላይ ጋደም ይላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ ሌላውን በየቤቱ የሚያደርሰው ሰው ከቤቱ ርቆ ሶፋ ላይ ያድራል።

የበረራ ቁጥር 3407

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ማታ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከኒውዋርክ ወደ በፋሎ የሚበር ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ለማረፍ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በአንድ መኖሪያ ቤት ላይ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። በአውሮፕላኑ ላይ የተጻፈው የኮንቲኔንታል ስም ነበር፤ የሚያበርረው ግን ኮልጋን የተባለ ክልላዊ ኩባንያ ነው።

ከሟቾቹ መካከል አንዷን አፍሪካውያን ልንዘነጋት አይገባም። አሊሰን ዴ ፎርዥ የሩዋንዳን የዘር ጭፍጨፋ መርምራ በ1999 ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ያወጣች፣ በዓለም አቀፉ የሩዋንዳ ፍርድ ቤት ቀርባ በባለሙያነት የመሰከረች የታሪክ ምሁር ነበረች። መኖሪያዋ በፋሎ ነበርና ወደ ቤቷ ስትመለስ ሞተች።

የብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ የሁለቱን አብራሪዎች ያለፉ ሰዓታት አንድ በአንድ መዘገበ። የ24 ዓመቷ ረዳት አብራሪ የምትኖረው ከወላጆቿ ጋር በሲያትል አካባቢ፣ በአህጉሩ ሌላ ጫፍ ነበር። ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ወደ ሜምፊስ፣ ከዚያም ወደ ኒውዋርክ ተጉዛ የበረራው ዕለት ማለዳ ደረሰች። ዋና አብራሪው ነዋሪነቱ ፍሎሪዳ ሲሆን፣ የዋዜማውን ሌሊት በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል አሳልፎ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ረዳት አብራሪዋ ጉንፋን ይዟት ነበር። በኮክፒቱ የድምፅ መቅጃ እንደተሰማው፣ ቤቷ ሳለች ቢብስባት ኖሮ ታምሜያለሁ ብላ ትቀር ነበር፤ አሁን ግን ከቀረች በራሷ ገንዘብ ሆቴል መያዝ ሊኖርባት ነው። በሕዝባዊ ምርመራው ላይ ዓመታዊ ደመወዟ 16,000 ዶላር ገደማ ተብሎ ተጠቀሰ፤ ኩባንያው በኋላ ወደ 24,000 የሚጠጋ ነው አለ። የትኛውም ቢወሰድ፣ በዚያ ገንዘብ በኒውዋርክ አካባቢ ቤት ተከራይቶ መኖር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አካባቢውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

እርሷ ብቻም አልነበረችም። በኒውዋርክ ከተመደቡት የኩባንያው አብራሪዎች 68 በመቶው ተመላላሾች ነበሩ፤ 29ኙ የሚኖሩት ከ1,000 ማይል በላይ ርቀው ነው።

ለእውነት መቆም ይገባልና፣ ቦርዱ በ2010 በሰጠው ድምዳሜ ለአደጋው መንሥኤ ያደረገው ዋና አብራሪው ለማስጠንቀቂያው የሰጠውን የተሳሳተ ምላሽ ነው። ድካም የሁለቱንም አብራሪዎች ብቃት ሳይጎዳ እንዳልቀረ ገልጾ፣ በምን ያህል መጠን የሚለውን መወሰን አልተቻለም አለ። ሊቀ መንበሯ ዴቦራ ሐርስማን ግን ድካም ከአባባሽ ምክንያቶች ውስጥ መግባት ነበረበት የሚል የተለየ አስተያየት በጽሑፍ አኖሩ። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ድካም እንደ ተሰበረ ብረት ከፍርስራሽ ውስጥ ተለቅሞ አይገኝም፤ ስላልተመዘነ ግን ክብደት የለውም ማለት አይደለም።

አደጋው ከደረሰ 12 ቀናት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2009 አውሮፕላኑን በሀድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155 ሰዎችን ያተረፈው ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር በምክር ቤት ቀርቦ መሰከረ። ደመወዙ በ40 በመቶ መቀነሱን፣ ጡረታውም መቋረጡን ተናገረ፤ ልጁ የእርሱን ሙያ እንዲከተል የሚመኝ አንድም የአየር መንገድ አብራሪ እንደማያውቅ አከለበት። እርሱ ራሱ ካሊፎርኒያ እየኖረ ምድቡ በሰሜን ካሮላይና የነበረ ተመላላሽ ነበር። ሀገር ያወደሰው ጀግናና ሀገር የወቀሳቸው ሁለቱ አብራሪዎች በአንድ ሥርዓት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ጅብ ከሄደ በኋላ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የሟች ቤተሰቦች ግን ጩኸቱን ወደ ሕግ ለወጡት። ወደ ዋሽንግተን እየተመላለሱ፣ የሟቾቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው በየምክር ቤቱ ስብሰባ እየተገኙ፣ በኦገስት 2010 አዲስ የበረራ ደኅንነት ሕግ አስወጡ። በዚህ ሕግ መሠረት ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪዎችም በመደበኛው መስፈርት ቢያንስ 1,500 የበረራ ሰዓት እንዲኖራቸው ተደረገ። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የዕረፍት ደንብ ሥራ ላይ ዋለ፤ ከበረራ በፊት የ10 ሰዓት ዕረፍት፣ በውስጡም ለ8 ሰዓት እንቅልፍ የሚበቃ ያልተቋረጠ ጊዜ፣ በሳምንትም 30 ተከታታይ ሰዓት ከሥራ ነጻ መሆን። የሥራ ቀኑ ርዝመትም አብራሪው ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት እንዲለካ ተደነገገ። ይህ በእውነት ትልቅ እርምጃ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች ያስቆጩኛል። አንደኛ፣ ሁለቱም የ3407 አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የበረሩ ነበሩ፤ ዋነኛ መነጋገሪያ የሆነው አንቀጽ የእነርሱን ጉድለት የሚነካ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ምልልሱ አሁንም አልተቆጠረም። ሕጉ ጉዳዩ እንዲጠና አዘዘ። በ2011 ጥናቱን ያቀረቡት የብሔራዊው የምርምር ምክር ቤት ሊቃውንት ምልልስ ለድካም ያለውን ድርሻ ለመወሰን በቂ መረጃ የለም፤ ስለዚህ በርቀት ወይም በሰዓት የሚገድብ ደንብ ለጊዜው አይውጣ አሉ። ቀረ። አዲሱ ደንብ እያንዳንዱ አብራሪ ከበረራ በፊት «ለሥራ ብቁ ነኝ» ብሎ እንዲፈርም ያዝዛል። የጭነት አውሮፕላን አብራሪዎች ግን ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል ተብሎ ከደንቡ ውጪ ተደረጉ፤ በአንድ ሰማይ ላይ ሁለት ዓይነት እንቅልፍ ተፈቀደ።

ፊርማው ኃላፊነትን ያስረክባል፤ እንቅልፍ ግን አያመጣም። አብራሪው የሚሠራበትን ከተማ ኩባንያው ይመርጣል፣ ደመወዙን ኩባንያው ይተምናል፣ ከሁለቱ የሚወለደውን ድካም ግን አብራሪው ብቻውን ይፈርምበታል። «ርቆ መኖር የራሱ ምርጫ ነው» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ባሕር ዳርቻ ለመኖር ብሎ የሚመላለስ ባለ ከፍተኛ ደመወዝ ካፒቴን አለ። የጀማሪዋን ሁኔታ ግን በዚያ ሰው መለካት አግባብ አይደለም።

ገንዘብ አልነበረም እንዳይባል ደግሞ ታሪክ ራሱ መልሱን ሰጥቷል። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ የአብራሪ እጥረት ሲከሠት፣ በ2022 የአሜሪካን አየር መንገድ ንብረት የሆኑ ክልላዊ ኩባንያዎች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት ወደ 90 ዶላር ከፍ አደረጉ። ለዓመታት «አይቻልም» የተባለው በአንድ ክረምት ተቻለ። የሃምሳ ሰው ሞት ያላስገኘውን ጭማሪ የሠራተኛ እጥረት አስገኘው።

እኛስ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መናኸሪያ አዲስ አበባ ናትና ከአህጉር ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደረገው ምልልስ የእኛ ዋና ችግር አይደለም። ድካም ግን ሌላም በር አለው። በኦገስት 2022 ከካርቱም የተነሣ የአየር መንገዱ አውሮፕላን አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው የማረፊያውን መስመር በከፍታ እንዳለፈ የአቪዬሽን የዜና ምንጮች ዘገቡ። አየር መንገዱ ከበረራ ተቆጣጣሪዎች ጋር ያለው ግንኙነት ለጊዜው መቋረጡንና ሠራተኞቹ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ መነሣታቸውን አስታወቀ። አውሮፕላኑ በሰላም አርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በእኔ እምነት በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «እነማን ናቸው?» የሚለው ሳይሆን፣ «ከዚያ በፊት ለስንት ሰዓት ነቅተው ነበር? መርሐ ግብሩንስ ያወጣው ማነው?» የሚለው ነው።

ጉዳዩ በአብራሪዎችም የሚያበቃ አይደለም። በዋሽንግተን ሌሊቱን ታክሲ ነድቶ ሲነጋ ወደ ሌላ ሥራ የሚገባ ወገናችን፣ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ ሕሙማንን ልትንከባከብ የምትሄድ እኅታችን፣ የሥራ ሰዓታቸው የሚቆጠረው በሩን ካለፉ በኋላ ነው። በ1934 የተጀመረው ቆጠራ ገና አልተጠናቀቀም። ለመብት የምንሟገት ሁሉ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ስንነጋገር፣ ከቤት እስከ ሥራ ያለውንም መንገድ በመዝገቡ ላይ ልናሰፍረው ይገባል። ይህን ስናደርግ ከሰው ኃጢአት ይልቅ የሥርዓትን ጉድለት አስቀድመን ማየት እንለምዳለን።

ቸር ይግጠመን።