ባሕር የሌለው ወደብ

በጀርመን አገር በ1143 የተቆረቆረችው ሉቤክ በጨው ንግድ ከብራ ታላላቅ የጡብ አብያተ ክርስቲያናት ያነጸች ወደብ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በጅማ የሚገኘው የሂርማታ ገበያም በጥንት ዘመን ባሕር የሌለው ወደብ ነበር፤ መርከቡ በቅሎ፣ መርከበኛው የሲራራ ነጋዴ። በዚያም ጨው አልጠፋም፤ አሞሌው ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋራ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ያልፍ ነበር።

ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን መሰወር አይገባም፤ ከገበያው ትልልቅ ትርፎች አንዱ የባሪያ ንግድ ነበርና።

ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በዚሁ የገበያ ሀብት የቆመ ነው። አብዛኛው እንጨት ስለ ሆነ ዘወትር ጥበቃን ይሻል።

ሉቤክ በ1942 በቦምብ ስትቃጠል የማርያም ቤተ ክርስቲያን ደወሎች ከግንቡ ወድቀው ተሰበሩ። ሕንጻው ታደሰ፤ ደወሎቹ ግን ሰው እንዲያያቸው በወደቁበት ተተዉ። እናንተም ጅሬን ስትወጡ አዳራሹን ካደነቃችሁ በኋላ፣ በሂርማታ ስለ ተሸጡት ሰዎች አስጎብኚውን ጠይቁት።