ከእናት ወደ ልጅ የዞረ ሂሳብ

በሂሳብ ሥራ አንድ የማይቀር ደንብ አለ። የዓመቱ መዝገብ ሲዘጋ ያልተከፈለው ዕዳ አይጠፋም፤ ወደ አዲሱ ዓመት ይዞራል። አዲሱን መዝገብ የምትከፍተው ሠራተኛ ዕዳውን እሷ ባታመጣውም መጀመሪያው መስመር ላይ ታገኘዋለች። «ዳርክ» የተባለውን የጀርመን ተከታታይ ድራማ ስመለከት በአእምሮዬ ይመላለስ የነበረው ይህ ደንብ ነው።

ባራን ቦ ኦዳርና ያንትየ ፍሪዘ የፈጠሩት ይህ ድራማ ከ2017 እስከ 2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኔትፍሊክስ ታይቷል። ሦስት ምዕራፎችና 26 ክፍሎች አሉት። ታሪኩ የሚካሄደው ዊንደን በምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ ነው። ጫካው ውስጥ ባለው ዋሻ የገባ ሰው 33 ዓመት ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሄዶ ይወጣል፤ ከ2019 ወደ 1986፣ ከ1986 ወደ 1953። ሰዎቹ የደረሰባቸውን ጥፋት ለመከላከል ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ጥፋቱን የሚያመጣው ግን ያው መመለሳቸው ይሆናል።

በዚህ ዙር ውስጥ የእናቶች ዕጣ እጅግ የከፋ ነው። ካታሪና የ11 ዓመት ልጇ ሚኬል ይጠፋባትና እሱን ፍለጋ ወደ 1987 ትሻገራለች። እዚያ የምታገኘው ግን የገዛ እናቷን ሄለነን ነው። ሄለነ ልጇን በልጅነቷ ስትደበድብ የኖረች ሴት ናት። አሁንም ፊቷ የቆመችው ትልቅ ሴት ልጇ መሆኗን ሳትረዳ ሐይቅ ዳር በድንጋይ መትታ ትገድላታለች።

ድራማው ግን ሄለነን ጨካኝ ብሎ ብቻ አይተዋትም። ወደ 1954 ወስዶ ልጅ እግር ሆና ያሳየናል። ጽንስ በድብቅ ለማስወረድ ተራዋን እየጠበቀች፣ ፈርታ ተቀምጣለች። አጠገቧ ከወደፊቱ ዘመን የመጣች ሴት አለች፤ ስሟን ስትጠየቅ «ካታሪና» ብላ ትዋሻለች። ሄለነም ስሙን ትወደዋለች። ኋላ ልጅ ስትወልድ የምታወጣላት ስም ይኸው ነው። ፍርሃቱና ስሙ ከአንድ ክፍል ወጥተው ወደ አንዲት ሕፃን ዞሩ ማለት ነው።

ዋሻው ልብ ወለድ ነው፤ የ1954ቱ ፍርሃት ግን እውነተኛ ነበር። በጀርመን ከ1871 ጀምሮ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 218 ጽንስ ማቋረጥን ያስቀጣ ነበር። በምዕራብ ጀርመን ያገባች ሴትም ብትሆን በቤቷ ሙሉ መብት አልነበራትም። በ1900 ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ በትዳር ጉዳይ ወሳኙ ባል ነው ይል ነበር።

ይህን ለመለወጥ የተነሱ ሴቶች ነበሩ። በ1948 እና በ1949 አዲሱን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት 65 አባላት መካከል ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ። ከእነሱ አንዷ የሕግ ባለሙያዋ ኤልዛቤት ዜልበርት «ወንዶችና ሴቶች እኩል መብት አላቸው» የሚል ግልጽ ቃል እንዲገባ ጠየቀች። ሐሳቧ በመጀመሪያ ውድቅ ሆነ። እሷ ግን ጉዳዩን ይዛ ወደ ሕዝብ ወጣች፤ ሴቶች ከየአቅጣጫው ደብዳቤ ላኩ። በ1949 ቃሉ በሕገ መንግሥቱ ሰፈረ።

ሕገ መንግሥቱ ከዚህ ቃል ጋር የሚጋጩ አሮጌ ሕጎች እስከ መጋቢት 31 ቀን 1953 ድረስ እንዲስተካከሉ ቀነ ገደብ ሰጥቶ ነበር። ምክር ቤቱ ቀኑን አሳለፈው። የእኩልነት ሕጉ የወጣው በ1957፣ ሥራ ላይ የዋለውም በ1958 ነው። ያም ቢሆን ሚስት ከቤት ውጭ መሥራት የምትችለው የትዳርና የቤተሰብ ግዴታዋን እስካላጓደለባት ድረስ ነበር። ይህ ገደብ የተነሳው በ1977 ነው።

እንግዲህ በድራማው በ1986 የኑክሌር ኃይል ማመንጫው ኃላፊ የምትሆነውን ክላውዲያን በዚህ ዓይን እንያት። ለሥራዋ በሩን የከፈተው ሕግ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጀርመኖች ልጇን ቤት ትታ ሥራ የምትውልን ሴት «የቁራ እናት» ይሏታል፤ ሕግ ሲለወጥ ስድብ አብሮ አይሻርም። የክላውዲያ ልጅ ሬጊና ብቸኛ ሆና ታድጋለች። ትምህርት ቤት ደግሞ ያቺው በእናቷ የምትደበደበው ካታሪና ታሰቃያታለች። የአንዱ ቤት ዕዳ በሌላው ቤት ልጅ ላይ ተመዘገበ።

ዙሩን የምትፈታውም ይህችው «መጥፎ እናት» ናት። ክላውዲያ ሬጊናን ከሞት ለማዳን ዕድሜዋን ሙሉ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ምን ከምን እንደመጣ ታመሳክራለች። በመጨረሻም የችግሩን መነሻ ታገኛለች፦ ሰዓት ሠሪው ታንሃውስ በ1971 ልጁን፣ ምራቱንና ሕፃን የልጅ ልጁን በመኪና አደጋ አጥቶ፣ እነሱን ለመመለስ የሠራው መሣሪያ ነው። አደጋው እንዳይደርስ ሲደረግ ዙሩም በውስጡ የተወለዱትም ይጠፋሉ። ሬጊናና ካታሪና ግን በሕይወት አሉ፤ አንድ ማዕድ ላይ በወዳጅነት ተቀምጠው እናያቸዋለን።

መጨረሻው ያስለቅሳል፤ ነገር ግን እኔን እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አላረካኝም። ድራማው መዝገቡን ፍቆ አዲስ ጀመረ። በእኛ ሙያ የተሳሳተ ምዝገባ አይፋቅም። ስህተቱ ባለበት እየታየ፣ በቀኑና በፊርማው የማስተካከያ ምዝገባ ይሠራለታል። ዜልበርትና ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ሴቶች ያደረጉት ይህን ነው። ወደ ኋላ ተመልሰው የእናቶቻቸውን ሕይወት መለወጥ አልቻሉም። ለልጆቻቸው የሚዞረውን ግን ቀነሱ፤ ከ1949 እስከ 1977 ድረስ 28 ዓመት ፈጀ እንጂ።

እኛ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» እንላለን። ተረቱ በራሱ መንገድ ስለ ዙር ይናገራል፤ ልጅቱን ለመገመት እናቲቱን መመልከት በቂ ነው ይላል። እናቲቱ በእጇ ምን እንደነበራት፣ ምን እንደተከለከለች ግን አይጠይቅም። ውድ አባላት፣ በስብሰባችን አንዲት እህት «እኔም እንደ እናቴ ሆንኩ» ብላ ስታዝን ዕድልሽ ነው ብለን አንለፋት። የእናቷን መዝገብ አብረናት እንክፈት፦ ገቢዋን ማን ይዞት ነበር? ፊርማዋ የት ይሠራ ነበር? ስትጨነቅ ማን ቤት ትሄድ ነበር? የዞረው ዕዳ ስንት እንደሆነ ካልታወቀ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ መክፈል እንደሚቻልም አይታወቅም።