የጆርጅ ታውን ግድግዳዎች

ፔናንግ ከማሌይ ልሳነ ምድር በስተ ምዕራብ፣ ጠባብ ሰርጥ የሚለያት ደሴት ናት። ዋና ከተማዋ ጆርጅ ታውን የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1786 ፍራንሲስ ላይት የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ደሴቲቱን ለምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከኬዳህ ሱልጣን ሲረከብ ነው። ሱልጣኑ በልዋጩ የጠበቀው ከሲያም የሚያስጥለው ጦር ነበር። ኩባንያው ገንዘብ እንጂ ጦር ሊሰጥ አልፈቀደም፤ ሱልጣኑ በ1791 ደሴቲቱን በኃይል ለማስመለስ ያደረገው ሙከራም ከሸፈ።

ላይት ወደቡን ከቀረጥ ነጻ በማድረጉ ቻይናውያን፣ ታሚሎች፣ በርማውያን፣ ሲያማውያን፣ የአቼህ ሰዎችና አርመኖች ጎረፉ። ሁሉም የየራሱን የጸሎት ቤት ሠራ። የጓንዪን ቤተ መቅደስ፣ የካፒታን ከሊንግ መስጊድ፣ በ1833 የተሠራው የሂንዱዎች ማሪያማን ቤተ መቅደስና የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እርስ በርስ የሚራራቁት የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። ይህን ጉርብትና የሰላም ተምሳሌት አድርጎ ብቻ ማቅረብ ግን ታሪኩን ያጎድላል። በ1867 ከተማዋን ያመሰው ግጭት የተካሄደው በምስጢር ማኅበራት መካከል ነበር፤ በሁለቱም ወገን ቻይናውያንና ሙስሊሞች ተሰልፈዋል። ያጣላቸው ሃይማኖት ሳይሆን ጥቅም ነበር።

ከቤተ መቅደሶቹ ሁሉ የሚገዝፈው በአየር ኢታም ኮረብታ ላይ ያለው ኬክ ሎክ ሲ ነው። በ1930 የተጠናቀቀው ፓጎዳው ከታች የቻይና፣ ከመሐል የታይ፣ ከጫፉ የበርማ አሠራር አለው።

የደሴቲቱ ዝነኛ ምግቦች የተወለዱት በወዛደሩ መካከል ነው። ናሲ ካንዳር የታሚል ሙስሊሞች በትከሻቸው በተሸከሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ሩዝና ወጥ አንጠልጥለው እየዞሩ የሚሸጡት ቁርስ ነበር። አሳም ላክሳ በዓሣ መረቅና በሁመር ጎምዛዛ ጣዕም የሚበላ የሩዝ ኑድል ነው። ቻር ክዌ ቲያው ደግሞ ጠፍጣፋ የሩዝ ኑድል ከሽሪምፕ ጋር በኃይለኛ እሳት የሚጠበስበት የቻይናውያን ምግብ ነው።

የከተማዋ አሮጌ ቤቶች ሳይፈርሱ የቆዩት የኪራይ ቁጥጥር ሕግ ስለነበረ ነው። ኪራዩ ዝቅተኛ በመሆኑ ባለቤቶች አፍርሶ መሥራት አላዋጣቸውም፤ ዕድሳቱንም ተዉት። በቤቶቹ ውስጥ ግን ባለ እጆችና ምግብ ሻጮች ለዓመታት ኖሩ። ሕጉ በ2000 ሲነሣ ብዙዎቹ ለቀቁ። ባዶ ከቀሩት ቤቶች አንዳንዶቹ በምራቋ ጎጆ ለምትሠራ ትንሽ ወፍ ማራቢያ ሆኑ፤ ጎጆዋ ለቻይናውያን ሾርባ በውድ ይሸጣል።

በ2008 ከተማዋ ከመላካ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረች። በቀጣዩ ዓመት የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ባዘጋጀው ውድድር መነሻ የመንገዶቹን ታሪክ በቀልድ የሚያወሱ የብረት ዘንግ ምስሎች በየግድግዳው ተተከሉ። የዓለምን ዓይን የሳበው ግን በ2012 የሊቱዌኒያው ሠዓሊ ኤርነስት ዛካሬቪች በአርመኒያ መንገድ የሣላቸው ሁለት ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱ በቀለም የተሣሉ ሲሆኑ የተቀመጡበት ብስክሌት ግን እውነተኛ ነው። ተመልካቹ ሲበዛ በአካባቢው ቡና ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ተከፈቱ።