በኢንፊውዥን ፓምፕ ላይ የሚነበበው ቁጥርና ታካሚው የሚያገኘው የመድኃኒት መጠን

ከማጀቴና ከአካባቢው ለከፍተኛ ሕክምና በሪፈር የሚላኩ ታካሚዎች እንደየሁኔታው በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና አድርገው ወደ ደብረ ብርሃን፣ አልያም በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ ይጓዛሉ። ከእነዚህም መካከል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሳይቋረጥባቸው የሚጓዙ ይገኙበታል። አንዱ ተቋም የጀመረውን መድኃኒት ሌላው ሲረከብ «በሰዓት 15 ነበር» የሚል መረጃ ብቻ ቢተላለፍ ተቀባዩ ባለሙያ ትክክለኛውን መጠን ሊያውቅ አይችልም። ምክንያቱን ታካሚዎችና አስታማሚዎች ቢረዱት ይጠቅማል።

ኢንፊውዥን ፓምፕ ፈሳሽን በተወሰነ ፍጥነት ወደ ደም ሥር የሚያስገባ መሣሪያ ነው። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር በአብዛኛው በሰዓት የሚገባውን ፈሳሽ በሚሊ ሊትር ይገልጻል። በፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንደተበጠበጠ ግን መሣሪያው በራሱ አያውቅም። መጠኑን አስልተው የሚያሳዩ ፓምፖች ቢኖሩም፣ የሚያሰሉት ባለሙያው ባስገባላቸው የብጥብጥ መጠንና የሰውነት ክብደት ነው። የተሳሳተ ቁጥር ከገባ ውጤቱም የተሳሳተ ይሆናል።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። በአደገኛ ሁኔታ የወረደን የደም ግፊት ከፍ ለማድረግ የሚሰጠው ኖርአድሬናሊን 4 ሚሊ ግራም ተወስዶ አጠቃላይ መጠኑ 250 ሚሊ ሊትር በሆነ ፈሳሽ ተበጥብጧል እንበል። 4 ሚሊ ግራም 4,000 ማይክሮ ግራም ስለሆነ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 16 ማይክሮ ግራም ይኖራል። ፓምፑ በሰዓት 15 ሚሊ ሊትር ሲያስገባ ታካሚው በሰዓት 240፣ በደቂቃ ደግሞ 4 ማይክሮ ግራም ያገኛል። ክብደቱ 50 ኪሎ ግራም ከሆነ መጠኑ በደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 0.08 ማይክሮ ግራም ነው።

ተቀባዩ ተቋም 8 ሚሊ ግራሙን በዚያው 250 ሚሊ ሊትር የሚበጠብጥ ቢሆንስ? አዲሱ ከረጢት ተሰቅሎ ፓምፑ በ15 ላይ እንዲቀጥል ቢደረግ ታካሚው እጥፍ መድኃኒት፣ ማለትም 0.16 ማይክሮ ግራም ያገኛል፤ የደም ግፊቱም ከሚፈለገው በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። የቀድሞው መጠን እንዲጠበቅ ፍጥነቱ ወደ 7.5 ሚሊ ሊትር መውረድ ነበረበት። ነገሩ በተገላቢጦሽ ሲሆን መጠኑ በግማሽ ይቀንስና ግፊቱ መልሶ ሊወርድ ይችላል። በሁለቱም ጊዜ በፓምፑ መስኮት ላይ የሚታየው ያው 15 ነው።

መድኃኒት ሁሉ በክብደት አይሰላም። በእርግዝና ምክንያት ለሚከሰት የደም ግፊትና መንቀጥቀጥ የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት፣ በፓምፕ ሲሰጥ፣ በሰዓት በግራም ይታዘዛል።

ፓምፕ በሌለበት ወይም ባትሪው ባለቀበት ጊዜ በተለምዶ «ግሉኮስ» የምንለው ፈሳሽ በጠብታ ቆጠራ ይሰጣል። እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ60 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚሞላው ቀጭን መስመር በሰዓት 15 ሚሊ ሊትር ማለት በደቂቃ 15 ጠብታ ነው። በ20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚሞላው መስመር ግን 5 ጠብታ ብቻ ይሆናል። በዚህኛው መስመር 15 ጠብታ ቢቆጠር ታካሚው የታዘዘለትን ሦስት እጥፍ ያገኛል።

ስሌቱን የሚሠራውም ሆነ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ባለሙያው ነው። አስታማሚዎች «ቶሎ ይለቅለት» በሚል ቅንነት የመስመሩን መቆጣጠሪያ ወይም የፓምፑን ቁልፍ ከመንካት እንዲቆጠቡ እናሳስባለን። ፓምፑ ከጮኸ ባለሙያ ይጥሩ። የታካሚውን ክብደት የሚያውቁ ከሆነ ይናገሩ፤ 50 ኪሎ ተብሎ የተገመተው ሰው 40 ኪሎ ቢሆን ከላይ ያየነው 0.08 በእርግጥ 0.1 ነበር ማለት ነው።

ከመነሳትዎ በፊት በሪፈር ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ሚሊ ግራም በስንት ሚሊ ሊትር እንደተበጠበጠ፣ በሰዓት የሚገባው ፈሳሽና የታካሚው ክብደት መስፈራቸውን መጠየቅ መብትዎ ነው። ከረጢቱ ላይም መለያ ጽሑፍ ሊኖር ይገባል። በመድኃኒት ምክንያት ጉዳት ደርሷል ብለው ከጠረጠሩ በቅድሚያ ለሚከታተለው ባለሙያ ያሳውቁ፤ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማመልከት ይቻላል።